የሰው እናት

የቀለም መደብሩ ልጅ «ግራጫው ለአጥር ነው ለበር?» አለኝ።

«ለእናት።»

ጥቂት አሰበና፣ በሙያው ኮስተር ብሎ፣ «ስንት ካሬ ናት?» ሲል ጠየቀኝ።

በልጁ መሳቅ አልችልም። ደብረ ማርቆስ ላይ ግራጫ ቀለም ከቆርቆሮ በር በቀር ሌላ ሥራ የለውም። ሌላ ሥራ ልሰጠው የተነሣሁት እኔ ነኝ፤ ያውም አርባ ዓመት ካለፈኝ በኋላ፣ ዕድሜ ልኬን ከእስክሪብቶና ከማኅተም በቀር ቀለም ያለው ዕቃ ሳልነካ። ስለዚህ በትክክል መለስኩለት፤ ቁመቷ አንድ ሜትር ከአርባ አራት፣ ወርዷ አንድ ሜትር ከስድሳ ሁለት። በጣቱ አሰላና «አንድ ኪሎ ይበቃታል» አለኝ።

ይህን ሁሉ ያመጣው ክረምቱ ነው። ከተማችን ከባሕር ወለል ከ2,400 ሜትር በላይ ተቀምጣለች። ነሐሴ ሲገባ ጮቄ ጉሙን እየነዳ ይልክብንና ሰው ጎረቤቱን የሚለየው በሳሉ ይሆናል። እንዲህ ያለ ወቅት ብዙ ነገር ያስጀምራል። አንዱ እንግሊዝኛ ይጀምራል፣ አንዱ ዶሮ እርባታ፣ አንዱ የድንበር ክስ። መስከረም ሲጠባ ከክሱ በቀር ሁሉም ይቀራል። እኔ ሥዕል ጀመርኩ።

አስተማሪዬ ስልኬ ውስጥ የሚኖር አንድ ጢማም ፈረንጅ ነው። ትምህርቱ አጭር ነው፤ ጀማሪ በቀለም ብዛት አይታለል፤ ሰው ያለበት፣ ቀለሙ የሰከነ አንድ የታወቀ ሥዕል ይምረጥና እሱኑ ከመነሻው እስከ መድረሻው ደግሞ ይሥራው። ቀይና ቢጫ ዐይን ያጭበረብራሉ፤ ብርሃንና ጥላ መለየት የሚለመደው በደብዛዛው ነው ይላል። ሲያወራው ቀላል ነው። ሰውዬው እየሣለ ሻይ ይጠጣል።

የመረጥኩት የጄምስ ዊስለርን እናት ነው። ዊስለር አሜሪካዊ ነው፤ ሥዕሉን የሠራው ግን ለንደን ውስጥ፣ እ.ኤ.አ. በ1871 ነው። ዛሬ ፓሪስ፣ ኦርሴ ሙዚየም ይገኛል። ስሙን «እናቴ» አላለውም፤ «የግራጫና የጥቁር ቅንብር፣ ቁጥር 1» አለው። ለእናቱ ቁጥር የሚሰጥ ልጅ ምን ዓይነት ልጅ ነው ብዬ መጀመሪያ ላይ ተቀይሜው ነበር። አሮጊቷ፣ ወይዘሮ አና፣ ያኔ የስድሳ ሰባት ዓመት ሴት ናት። በጎን ተቀምጣለች። ባሏ ከሞተ ጀምሮ ያልተለያት ጥቁር ቀሚስ፣ ጫፉ ትከሻዋ ላይ የወረደ ነጭ ስስ የራስ መሸፈኛ፣ ጭኗ ላይ መሐረብ የያዙ ሁለት እጆች፣ ከእግሯ ሥር መርገጫ። በግራ በኩል ጠቆር ያለ መጋረጃ ወርዷል። የቀረው ግድግዳ ነው፤ ግራጫ ግድግዳ። ግድግዳው ላይ ጎላ ብሎ የተሰቀለው ዊስለር ራሱ ያተመው የቴምስ ወንዝ ወደብ ሥዕል ሲሆን ስሙ «ጥቁር አንበሳ ወደብ» ይባላል። ይህን ለእናቴ ስነግራት «ጥቁር አንበሳ? ታማለች እንዴ?» አለችኝ።

ምስሉን ለማሳተም ፎቶ ኮፒ ቤት ሄድኩ። ልጅቷ «ከለሩ አልቋል፣ በጥቁርና ነጭ ይሁንልህ?» ስትለኝ «ችግር የለም፣ ሴትዮዋም ከለሯ አልቋል» አልኳት። በሥዕል ነገር አስቤ የቀለድኩት ያን ቀን ብቻ ነው። ከዚያ ወዲያ ሰው ያሳቅሁት ሳላስበው ነው።

ሸራ አልተገኘም፤ አቡጀዲ ገዛሁ። በዚህ አላፍርም። የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊዎቻችንም በጥጥ ጨርቅ ላይ ሥለው ግድግዳ ላይ ሲለጥፉ ኖረዋል። ጢማሙ በትንሽ ወረቀት ጀምሩ ብሎ ነበር፤ እኔ ግን የሰው እናት ማሳነስ ነውር መስሎኝ በልኳ አደረግኋት። ወርዱ አልበቃ ሲል ልብስ ሰፊው ሁለት ገጠመልኝ፤ ስፌቱም አሮጊቷን ወገቧ ላይ ቆረጣት። ጣውላ ላይ ወጥሬ በሚስማር መታሁት። ጨርቁ ቀለም እንዳይጠጣ ሁለት ሦስት ጊዜ ኮላ ቀቡት የሚል ትእዛዝም ነበር። ኮላ ውድ ነው። በውኃ አቅጥኜ አንዴ አስነካሁትና አለፍኩ። ይህችን ያዙልኝ።

ጥቁርና ነጭ ቀላቅዬ ግድግዳውን ስቀባ የወጣው የቆርቆሮ በር ነው። የመደብሩ ልጅ አውቆ ነው ለካ የጠየቀኝ። አሮጊቷ የጋራዥ በር ተደግፋ መኪናዋ እስኪሠራላት የምትጠብቅ መሰለች። ነጭ ጨመርኩ፤ አመድ ሆነ። ጥቁር ጨመርኩ፤ ጥላሸት ሆነ። በሦስተኛው ቀን ቀለሙን፣ ፋብሪካውን፣ ጉሙን ስራገም እናቴ ቡና እየቆላች ከኋላዬ ሆና ታያለች።

«ምንድን ነው ያጣኸው?»

«ግራጫ።»

«የምን ግራጫ?»

«ግራጫ ግራጫ ነው እንጂ የምን ይባላል!»

ሣቀች። «ግራጫ ለፈረስ ነው» አለች። «ለበሬ ዳለቻ አለ። ዳለቻም ወደ ነጭ የሚያደላ አለ፣ ወደ ቡላ የሚያደላ አለ። ለዶሮ ገብስማ አለ፣ ዝግርማ አለ፣ ኮክማ አለ። አንተ የቱን ነው?»

ተምሬያለሁ የምለው ሰው ለዚህ ሁሉ ያለኝ ቃል አንድ ነበር፤ እሱም ለበር ነው። ስልኩን ከእጄ ወስዳ ራቅ አድርጋ፣ ደግሞ አቅርባ አየችው። «ይኸማ ዳለቻ ነው። ያውም የአባትህ በሬ። ውስጡ ቀይ አለበት፤ ፀሐይ ስትመታው ነው የሚታይህ።»

ቀይ ፍለጋ ጎተራው ሥር ገባሁ። አንድ ዘመን የሰንደቅ መስቀያ ተቀብቶ የተረፈ አረንጓዴ፣ ቢጫና ቀይ በየጣሳው ቁጭ ብሎ ነበር። ጢማሙም ተቃራኒ ቀለሞች ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ድምቀት ይገድለዋል ብሎ ነበር፤ ቀይ አረንጓዴን፣ አረንጓዴ ቀይን። ሦስቱን ጎን ለጎን ሲውለበለቡ ብቻ ያየ ሰው አንድ ጣሳ ውስጥ ሲናጡ ምን እንደሚወጣ አይገምትም። የሚወጣው ማንም የማያውለበልበው፣ ማንም የማይጣላበት፣ የሰከነ ነገር ነው። ነጭ ጣል ሲደረግበት ዳለቻ ሆነ። እናቴ ቡና ወቀጣዋን ቀጠለች፤ ድሮስ ምን ሊሆን ነበር ዓይነት።

ግድግዳው ከተገኘ ፊቷ ጠፋ። አፍንጫ በጎን መሣል የሚመስለውን ያህል ቀላል አይደለም። አንዴ ትልቅ ሲሆን፣ አንዴ ሲያጥር፣ አሮጊቷ በሳምንት ውስጥ አራት ሰው ሆነች። መፍትሔው ሕያው ሰው በዚያው አቀማመጥ አስቀምጦ ማየት ነው ተባልኩ። ቤት ውስጥ ያለው ሕያው ሰው እናቴ ናት።

ከግድግዳው ጥግ ወንበር አኖርኩ፤ ከእግሯ ሥር በርጩማ። «በርጩማ መቀመጫ ነው እንጂ የእግር ነው እንዴ?» ብላ ጀመረች። እሱን አለፍነው። ፊቷን ወደ መስኮቱ እንድታዞር ስነግራት ግን ቀጥ አለች።

«ወደዚያ ዞሬ? በአንድ ዐይን ልታደርገኝ ነው?»

«ሴትዮዋ እንዲያ ናት።»

«እሷ የሠራችውን እሷ ታውቃለች። እኔ ምን አደረግሁህ?»

ልክ ናት። በእኛ የቤተ ክርስቲያን ሥዕል ወግ ጻድቅ ሁለቱን ዐይኖቹን አፍጥጦ ወደ ሰው ያያል። በጎን፣ በአንድ ዐይን የሚሣለው ይሁዳ ነው፣ ሰይጣን ነው፣ ጌታን የሚገርፉት ጭፍሮች ናቸው። እናቴ ሰባ ዓመት ሙሉ በየግድግዳው ያየችው ይህንኑ ነው። ፊደል አልቆጠረችም፤ ሥዕል ግን ከእኔ ይልቅ ታነባለች። የጠየቅኋት ነገር ከእሷ ወንበር ሲታይ «እስቲ ለአንድ ሰዓት ያህል ሰቃይ ሁኚልኝ» እንደማለት ነበር።

በስንት ልመና፣ በሻሽ ፋንታ ነጠላዋን ለብሳ፣ ለነፍስ አባቷ ላልናገር ምዬ፣ ተቀመጠች። የዊስለር እናት መጀመሪያ ቆማ ስትሣል ደከማትና ተቀመጠች ይባላል። የእኔዋ ተቀምጣ ስትሣል ሰለቻትና ተነሣች። ሽሮው ሊያርር ነበር። ያገኘሁት ጉንጭና አገጭ፣ ከአገጩም ሥር እስከ አንገቷ የወረደ ንቅሳት ነው። ንቅሳቱን ላለመሣል እጄን መያዝ አቃተኝ። እንግዲህ ከዚያ ቀን ጀምሮ የዊስለር እናት ተነቅሳለች።

የሰፈራችን መሪጌታ የመጡት በዚህ መሀል ነው። ጃንጥላቸውን በሩ ላይ አራግፈው ገቡና ሥዕሉ ፊት ቆሙ። ዝም ብለው አዩት። ቆይተው ቆይተው «ይች ሴትዮ ማንን ነው የሸጠችው?» አሉ።

እናቴ ከጓዳ «አላልኩህም!» አለች።

የሥዕሉን ታሪክ አስረዳሁ። እንደ ልማዴ ጥቂት አበዛሁት። ዊስለር ቀለሙን በጣም አቅጥኖ ይቀባ እንደነበር፣ ያንን ቀጭን ቀለሙንም «ሶስ» ይለው እንደነበር ስነግራቸው «ሶስ ምንድን ነው?» አሉ። «ያው እንግዲህ፣ ወጥ ማለት ነው» አልኩ። ለቅኔ ሰው እንዲህ ያለ ቃል ማቀበል ለሌባ ቁልፍ መስጠት ነው።

«ልክ ብሏል» አሉ። «የእሱ ሥራ ወጥ ነው። ያንተ ፍትፍት ነው።»

ደብረ ማርቆስ ሰው የሚሸነፈው እንዲህ ነው። በ1873 ዓ.ም. የጎጃም ንጉሥ የተባሉት ተክለ ሃይማኖት መናገሻቸው ካደረጓት፣ ቀድሞ መንቆረር ይሏት ከነበረች ከተማ፣ የቅኔ ጉባኤዎቹ ዋሸራና ዲማ ከማይርቁበት አገር ተቀምጦ ቃል ሳይመዝኑ መናገር ድፍረት ነው። መሪጌታ አልለቀቁኝም። ቅኔ ቤት ተማሪው ከጉባኤ ቃና ይጀምራል፤ የመምህሩን ሰምቶ ይቆጥራል፣ መንገዱን ይይዛል፤ ቀኑ ሲደርስ ግን የራሱን ይዘርፋል። የሰው ቅኔ ይዞ ጉባኤ ላይ የቆመን ተማሪ ምን እንደሚሉት ለእኔ መንገር አላስፈለጋቸውም። መዝረፍ ሲባል የራስን ማውጣት የሆነበት፣ የሰውን መድገም ደግሞ ስርቆት የሆነበት ትምህርት ቤት ከጎጃም ውጭ ለማንም ቢያስረዱት አይገባውም።

እኔም ዝም አላልኩም፤ አንብቤያለሁ። ሮም፣ ሳንታ ማሪያ ማጆሬ ቤተ ክርስቲያን ያለችው የእመቤታችን ሥዕል፣ ሉቃስ የሣላት ናት የምትባለው፣ ግልባጯ ወደ አገራችን የገባው ከ16ኛው ምዕት ዓመት መጨረሻ እስከ 17ኛው መጀመሪያ ባለው ጊዜ በኢየሱሳውያን እጅ ነው። ኢየሱሳውያኑን አፄ ፋሲል አባረሯቸው፤ ሥዕሏ ግን ቀረች። የእኛ ሠዓሊዎች ገለበጧት፤ የግልባጩን ግልባጭ ገለበጡ። ዐይኗን አሰፉት፣ ልብሷን አደመቁት፤ በግራ እጇ የያዘችውን መሐረብ እንኳ ሳይረሱ እስከ ዛሬ ያዘሏታል። ሮማዊት ናት ብሎ የሚጠረጥራት የለም። ገልባጭ ገልባጭ እየተባለ የሚወቀስ ከሆነ፣ አልኩ በድል አድራጊ ድምፅ፣ የአገሬ ግድግዳ ሁሉ ምን ሊባል ነው?

መሪጌታ መቋሚያቸውን አስተካከሉ። «እነሱ የገለበጡት ሊሰግዱላት ነው። አንተስ ለዚች ልትሰግድ ነው?»

«የለም። ልማርባት ነው።»

«በራስህ እናት አትማርም ነበር?»

«በእኔማ ተማረብኝ!» አለች እናቴ። «ወገቤ አልቆመልኝም።»

ያን ቀን የመጽናኛዬ ሁሉ መጨረሻ አፈወርቅ ገብረ ኢየሱስ ሆነ። የዘጌ ሰው ነው፤ በምኒልክ ተልኮ ቱሪን ወርዶ ሥዕል ተማረ። ዛሬ ግን ሕዝብ የሚያስታውሰው በ1900 ዓ.ም. ሮም ላይ ባሳተመው ልብ ወለድ ነው። ሥዕሉ እንቢ ካለ እንግዲህ ሌላ መንገድ አለ ማለት ነው።

ቀለሙ በዚያ እርጥበት አልደርቅ አለ። ዝናቡ ባባራ አንድ ጠዋት በረንዳ ላይ አቆምኩትና ወደ ሥራ ሄድኩ። ጥቁር የለበሰች፣ አንገቷን የደፋች፣ የእናቴን ጉንጭ የያዘች ሴት በመንገድ ትይዩ ተቀምጣ ትታያለች። ረፋዱ ላይ ሁለት የዕድር ሴቶች ነጠላቸውን ዘቅዝቀው ገቡ። አንደኛዋ ደረቷን ይዛ «ምነው ሳትነግሩን!» ስትል በሩን የከፈተችላቸው ሟች ራሷ ናት። ቡና ተፈላ። የሆነውን ሁሉ ማታ በዝርዝር ሰማሁ፤ የተነገረኝ በሳቅ ቢሆንም ሳቁ ውስጥ ሌላ ነገር ነበረበት።

ከሁለቱ አንደኛዋ ወጥታ ሥዕሉን ደግማ አይታ የሰጠችው አስተያየት «አበባ ይጨመርበት» የሚል ነው። «ከፊቷ ባዶ ነው። አንድ የአበባ ማሰሮ ቢቀመጥ ሰው አይደነግጥም ነበር።» እኔም እንደ ሠዓሊ ወጉ ናቅኳት። በኋላ ሳነብ የአሜሪካ ፖስታ ቤት እ.ኤ.አ. በ1934 ለእናቶች ክብር የ3 ሳንቲም ቴምብር ሲያትም የዊስለርን እናት ወስዶ፣ ግድግዳዋን ቆራርጦ፣ ከእግሯ ፊት ለፊት በትክክል አንድ የአበባ ማሰሮ አስቀምጦላት ኖሯል። የአገሩ ሠዓሊዎች ጮኹ፤ ቴምብሩ ግን ተሸጠ። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1891 ገዝተው እንዳለች የሰቀሏት ሴት አገሯ ስትገባ አበባ ተጨመረላት። ግራጫ የማይወደው ሰው ብዙ ነው ማለት ነው፤ ከዕድራችን አባልም ይበልጣል።

ነሐሴ ሲያልቅ ሥራው አለቀ፤ ወይም እኔ አለቅሁ። ፍልሰታ ተፈትቷል፤ መሪጌታ ዶሮ ሊቀምሱ መጥተዋል። ሥዕሉን ወደ ብርሃን ሳወጣው እውነቱን ለመናገር የሚያኮራ አይደለም። ቀሚሱ የከሰል ጆንያ ነው። መሐረቡ የተላጠ እንቁላል ይመስላል። ዳለቻው ግድግዳ ብቻ ግድግዳ ነው፤ እሱም የእናቴ ሥራ ነው።

መሪጌታ ጎንበስ ብለው አዩና «ያችኛዋስ ዐይኗ?» አሉ።

«ወዲያ በኩል ናታ፣ መሪጌታ። በጎን ስለሆነች አትታይም።»

«ወዲያ በኩል» ብለው ሥዕሉን ከነጣውላው ያዙና አገላበጡት።

የቀጠነው ኮላ ያኔ ነው ጉዱ የወጣው። ቀለሙ ሁሉ ጨርቁን አልፎ ሰርጓል። በጀርባው፣ ባልተቀባው አቡጀዲ ላይ፣ አንዲት ሴት በጎን ተቀምጣለች። ብሩሽ ያልነካት፣ መስመር የሌላት፣ ጉም ውስጥ እንዳለ ሰው ናት። ጥቁሩ አልጨለመም፣ ነጩ አልጮኸም። እጆቿ እጅ ይመስላሉ። ንቅሳቱ እንደ ጥላ ብቻ ቀርቷል። አንድ ወር ሙሉ በፊት ለፊት ስፈልገው የከረምኩት ነገር ከኋላ በኩል ያለእኔ ፈቃድ ሲሠራ ኖሯል። ፊቷም ወደ ሌላው አቅጣጫ ዞሯል፤ የምታየውም በቀኝ ዐይኗ ነው።

«ይኸውልህ ሁለተኛው» አሉ መሪጌታ።

እናቴ መጥታ በዚህ በኩል አየች፤ ዞራ በዚያ በኩል አየች። ሁለቱን ዐይኖች ቆጠረች። ከዚያ ወዲያ በእሷ በኩል ቅሬታ የለም፤ የቀረው የት ይሰቀል የሚለው ነው። ግድግዳ ላይ ከተሰቀለ አንዱ ዐይን ይሸፈናል። ማታውን ሚስማሩን አስነቅላኝ፣ ጫፉን አጥፋ ሰፍታ፣ ገመድ አስገብታ፣ በሳሎንና በጓዳ መካከል ካለው በር የሌለው መግቢያ ላይ ዘረጋችው።

አሁን መጋረጃ ነው። ሲገለጥ ይንኮሻኮሻል። ሳሎን የተቀመጠ እንግዳን ሴትዮዋ በግራ ዐይኗ ታየዋለች፤ ጓዳ የገባን በቀኝ። ቁመቱ መሬት ስለማይደርስ ከቀሚሱ በታች ክፍት ነው፤ እናቴ ከወዲያ ቆማ ወጥ ስታማስል በጥቁሩ ቀሚስ ሥር ሁለት እግሮች ይታያሉ፤ ባዶ፣ ስንጥቅጥቅ ያለ ተረከዝ፣ አንዳንዴም የላስቲክ ጫማ። ዊስለር መርገጫ የሣለበት ቦታ ላይ ናቸው።